የማን ልጅ ናት?

ባለፈው ጥር፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ባለቀ በሳምንቱ፣ የትምህርት ቤታችን የቤተሰብ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢያችን ወጥቶ በነጭ አባይ ዳር ተከበረ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአል-ሳሃፋ በሦስት ሃፍላና በአንድ አምጃድ ተነስተን፣ የጀበል አውሊያን መንገድ ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። በዚያ ሰሞን ድልድዮቹ በሰልፍ ምክንያት ሲዘጉ ሲከፈቱ ስለነበር፣ ወደ ቱቲም ሆነ ወደ ኦምዱርማን መሻገር የማያስፈልገውን አቅጣጫ ነበር የመረጥነው። አንድ ሱዳናዊ ወዳጃችን በወንዙ ዳር ያለውን እርሻውን ፈቀደልን። ድንኳን ተከልን፣ እሳት አነደድን፤ ልጆቹ እንቅልፍ እስኪጥላቸው ድረስ ተረትና እንቆቅልሽ ሲባባሉ አመሹ። ሰማዩን ያለ መብራት አይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩና አንገታቸው እስኪደክም ኮከብ ሲቆጥሩ አየናቸው።

አርብ ጠዋት ቁርስ ከተበላ በኋላ ቡና ተፈላ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው በመቀዳት ላይ ሳለ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ከወንዙ በኩል መጡ። ጀለቢያቸው እስከ ደረታቸው ርሷል። በእጃቸው የሁለተኛ ክፍል ተማሪያችንን ይዘዋል። ልጅቷ ከእግር እስከ ራሷ ውሃ ናት፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ አታለቅስም፣ ትንቀጠቀጣለች። ሰውየው ከቡናው ረከቦት ፊት ቆመው «ቢት ሚኑ ዲ?» አሉን። የማን ልጅ ናት?

መልስ የሰጠ አልነበረም። የሄድነው 86 ሰዎች ነበርን፤ ከመካከላችን 37ቱ ለአካለ መጠን የደረስን ነን። እናቷ ከድንኳኑ ጀርባ ለምሳ ሽንኩርት ትከትፋለች። አባቷ ሥራ ላይ ስለነበር አልመጣም። የክፍል መምህሯ ከእኛ ጋር ሆና ድምፅ ማጉያው ለምን እንደማይሠራ ሽቦ ትነካካለች። የቀረው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት እናት ነጠላዋን አውልቃ ልጅቷን እስክትጠቀልላት ድረስ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አናውቅም፤ ለእኛ ረጅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። የልጅቷ ነጠላ ጫማ ውሃው ላይ ወደቀ፣ ተንሳፈፈ፣ እሷም ተከተለችው። ዳርቻው እስከ ጉልበት ብቻ ነበር። ከዚያ ሁለት እርምጃ አልፎ ግን የእርሻው ፓምፕ ውሃ የሚስብበት የተቆፈረ ቦይ አለ። ሰውየው ከጀልባቸው ሆነው መረብ ሲሰበስቡ ጸጉሯን አዩ። ጩኸት አልሰሙም፤ ጸጉር ነው ያዩት። እኛ ከዚያ ቦታ የነበርንበት ርቀት 40 እርምጃ ነው። በኋላ ራሳችን ቆጥረነዋል።

ይህን በዓመት መጽሐፋችን ላይ ማውጣቱ ተገቢ አይደለም ያሉን አሉ። የዓመት መጽሐፍ የምርቃት ፎቶና የደረጃ ተማሪዎች ስም የሚወጣበት ነው፤ እናንተም ገና አራተኛ ገጽ ላይ ሳላችሁ እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ አልጠበቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ በተደረገው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳቦች ተነስተው፣ ሁለቱም ሳይቋጩ ተበተንን። ሐሳባችንን በጽሑፍ እንድናቀርብ የተጠየቅነው ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ፣ ከእንግዲህ ከግቢ መውጣት ይቅር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ልጅቷ ተርፋለች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ነገሩን አናጋንነው የሚል ነው። እኛ በሁለቱም አንስማማም፤ ይበልጥ የምንፈራው ግን ሁለተኛውን ነው።

መውጣቱ ይቅር ለሚሉ ወላጆች ያለንን አክብሮት አስቀድመን እንግለጽ። ስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን የልጆቻችንን ዓመት እንመልከተው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነው። እናት ጎሕ ሲቀድ የሻይ ዕቃዋን ይዛ ወደ ሥራ ትወጣለች፤ አባት ከመሸ ይገባል። ልጅ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ይገባል፣ ታናሹን ያበላል፣ በሩን ዘግቶ ይጠብቃል። የትምህርት ቤታችንም ግቢ ለመኖሪያ ተብሎ የተሠራ ቤት ግቢ ነው፤ ሰልፍ ስንሰለፍ የመጨረሻው ልጅ ጀርባ ግድግዳውን ይነካል። በዚያ ሐሙስ ማታ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከአባቱ ጋር ድንኳን ሲተክል፣ አባትዬው ገመዱን እንዴት እንደሚያስር ሲያሳየው አየን። እኒህን አባት በሦስት ዓመት ውስጥ በትምህርት ቤቱ በር ያየናቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን የሚያህል ነገር በግቢያችን ውስጥ ማድረግ አንችልም። ቢቀር የሚጎዳው ልጁ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ የሚያስፈራን ጨዋ ስለሆነ ነው። ማንንም አይወቅስም። እኛንም ጭምር አይወቅስም፤ ለዚህም ነው ልንቀበለው የሚቃጣን። ፈጣሪን ማመስገን ተገቢ ነው። ያዳኗትን ሰውዬ ግን በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ያገኘናቸው በእቅዳችን አልነበረም፤ በሚቀጥለው ጊዜ መረባቸውን ሌላ ቦታ ሊጥሉ ይችላሉ።

ስለ ውሃው ትንሽ እንበል። እኛ ኢትዮጵያውያን ካርቱም ስንኖር ከአባይ ጋር ዝምድና ያለን ይመስለናል። ጥቁር አባይ ከጣና ተነስቶ፣ የእኛን አፈር ተሸክሞ እዚህ ይደርሳል፤ ልጆቹም «የእኛ ውሃ ነው» እያሉ ሲጫወቱ ሰምተናል። ዘመድ ነው ብሎ ግን አይራራም። በነሐሴ 2012 መጨረሻ ወንዙ ከፍ ብሎ የሱዳን መንግሥት ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ፣ በአገሪቱ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሞተው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰው ነበር። የቱቲ ነዋሪዎች ቀንና ሌሊት አሸዋ በጆንያ እየሞሉ ደሴታቸውን ሲከልሉ ብዙዎቻችን አይተናል። ከዚያም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 9 ቀን 2010፣ በስተሰሜን በናይል ወንዝ ግዛት ተማሪዎችን ወደ ትምህርት ቤት ያሻግር የነበረ ጀልባ ሞተሩ ቆሞበት ከኃይለኛው ፍሰት ጋር ሲታገል ሰጠመ። ከ40 በላይ ልጆች ተሳፍረው ነበር። 22 ልጆችና አንዲት ሴት አለቁ። ከአንድ ቤት ከአንድ በላይ ልጅ ያጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የትምህርት ቤት ኃላፊ የሆነ ሰው ያን ዜና ሰምቶ የራሱን የስም መጥሪያ መዝገብ ሳይመለከት ማለፍ አይችልም።

ይህ ሁሉ የክረምት ነው፣ ጥር ግን በጋ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፤ በጥር ወንዙ ዝቅ ይላል። አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። ነጭ አባይ ሰፊና ዝግ ያለ ነው፣ የተኛ ይመስላል። በ1937 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ያለቀው የጀበል አውሊያ ግድብ ከካርቱም በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አለ፤ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ ከታች ያለው ውሃ ከፍና ዝቅ ይላል። ውሃው ሲጎድል አሸዋው ይገለጣል፣ ልጅ ይሮጥበታል፤ አሸዋው የሚያልቅበትን ግን ድፍርስ ውሃ አያሳይም። ጡብ ለመሥራት ጭቃ የሚወጣባቸው ጉድጓዶችም፣ እንደኛው ዓይነት የፓምፕ ቦዮችም በዳርቻው ሞልተዋል። የቆመውን ወይም በቦይ ዝግ ብሎ የሚሄደውን ውሃ በተመለከተ ደግሞ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። የጣና ዳር ሰውም የገዚራ ገበሬም ያውቀዋል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ እግር መንከርም ይበቃዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 236,000 ሰዎች በውሃ ሰጥመው መሞታቸውን ገምቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሐምሌ 18ን (በፈረንጅ ጁላይ 25) መስጠምን የመከላከያ ቀን ብሎ ሰይሟል። ቀን መሰየሙ ለእኛ ብዙ አይረዳም። የሚረዳን ግን በዚህ ነገር ላይ የሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ የሚሰጥም ልጅ አይጮህም። ለመጮህ ትንፋሽ ይፈልጋል፣ ያለችውን ትንፋሽ ደግሞ አፉ ከውሃ ሲወጣ ለመሳብ ይጠቀምባታል። እጁን አያወዛውዝም፤ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ከሩቅ ላየው የሚጫወት ይመስላል። ለትንሽ ልጅ ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እንግዲህ «እዚሁ ነን፣ ከጮኹ እንሰማለን» እያልን ቡና የጠጣነው ሰዎች የጠበቅነው የማይመጣ ድምፅ ነበር።

ስብሰባው ላይ አንድ አባት ከልብ የመነጨ ጥያቄ ጠየቁ፦ «37 አዋቂ ባለበት ቦታ እንዴት አንድ ሰው አላያትም?» ለብዙ ቀናት ያሰብንበት ይህንን ነው። መልሱ የሚመስለን፣ 37 ስለነበርን ነው። አንዲት እናት ብቻዋን ሁለት ልጅ ይዛ ወንዝ ዳር ብትቀመጥ ዓይኗን አትነቅልም። ሰው ሲበዛ ግን እያንዳንዱ ሌላው እያየ ነው ብሎ ያስባል። አገራችን ልጅ የጎረቤትም ነው። ሰፈር ውስጥ ያጠፋን ልጅ ያገኘው ይቆጣዋል፣ የራበውን ያገኘው ያበላዋል፤ እኛም ያደግነው እንደዚያ ነው። ይህ ወግ የሚሠራው ግን ሁሉም ሰው ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ክፉ ውሻ ያለው ማን ቤት እንደሆነ፣ ልጁ በየት እንደሚያልፍ በሚያውቅበት ሰፈር ነው። በማናውቀው የወንዝ ዳር ላይ ያንኑ ወግ ይዘን ሄድን፤ የሁሉም ልጅ የነበረችው የማንም ሳትሆን ቀረች።

ሌላም አለ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጅቷ ወደ ውሃው ስትወርድ አይቷት ነበር። ለምን አልጠራሃትም ስንለው አንገቱን ደፋ። «እናቷ እያለች እኔ ምን አግብቶኝ» አለ። ቆይተን እንደሰማነው ከአዋቂዎቹም ሁለት ሰዎች አይተዋል። አንደኛዋ የሰው ልጅ መቆጣት መስሎ እንዳይታይባት፣ ሌላኛው ደግሞ መምህራኑ ባሉበት ከእነሱ በላይ አሳቢ መምሰል እንዳይሆንበት ዝም ብለዋል። ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ብዙ መልካም ነገር አቆይቶልናል፣ አንሳደበውም። ውሃ ዳር ላይ ግን ቦታ ልንሰጠው አንችልም። ስለዚህ ከአሁን በኋላ በትምህርት ቤታችን ጉዞ ላይ ማንም ሰው፣ ተማሪም ይሁን እንግዳ፣ የማንንም ልጅ ከውሃ ዳር ጠርቶ የመመለስ መብት አለው። የተጠራበት ልጅ ወላጅ «አመሰግናለሁ» ከማለት ሌላ መልስ አይኖረውም። ይህን በጉዞው ዋዜማ ለሁሉም ወላጅ በግልጽ እንናገራለን፤ ቅር የሚለው ካለ ያኔ ይንገረን።

ሐሳባችን ይህ ነው። ጉዞው ይቀጥል፤ ውሃውን የሚጠብቅ ሰው ግን በስም ይኑር። ቀይ ሻሽ እንገዛለን። ሻሹን ያሰረ ሰው ለግማሽ ሰዓት ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ይቀመጣል። ስልክ አይነካም፣ ቡና አይጠጣም፣ ጨዋታ ውስጥ አይገባም። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ሻሹን በእጁ ለሚቀጥለው ሰው ያስረክባል፤ ተረካቢው እስኪመጣ አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ያልነው ከዚያ በላይ የሰው ዓይን ስለሚፈዝ ነው። ተራውን የሚወስዱት አባቶችና መምህራን ይሆናሉ። እናቶች አይችሉም ማለታችን አይደለም፤ ባለፈው ጥር ምግቡም፣ ቡናውም፣ ዕቃ እጥበቱም፣ የሕፃናቱም ጥበቃ በእነሱ ላይ ወድቆ፣ እኛ ወንዶቹ ድምፅ ማጉያና ካርታ ስንል እንደነበር ስላየን ነው።

ከሻሹ ጎን አንድ ገመድና ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ይቀመጣል። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን በየቤታችን አለ፤ ባዶውን ሲሆን አንድ አዋቂ ሰው ተደግፎት ይንሳፈፋል። መዋኘት የማይችል ሰው ሊያድን ብሎ ዘሎ ሲገባ ሁለት ሬሳ ይወጣል፤ የሰጠመ ሰው ያገኘውን ሁሉ ጨምድዶ ወደ ታች ይጫናልና። ጀሪካኑን ወርውር፣ ገመዱን ሳብ። ገመድ ከሌለ እንጨት ወይም ነጠላ ዘርጋ፣ ራስህ በሆድህ ተኛና ዘርጋ። ልጁ ከወጣ በኋላም በእግሩ ዘቅዝቆ ማወዛወዝ ወይም ሆዱን መጫን ጊዜ መግደል ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ 5 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ ከዚያ ደረቱን መሀል ላይ 30 ጊዜ በፍጥነት መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ፣ እንደገና 30፤ ሐኪም ጋር እስኪደረስ ወይም ራሱ መተንፈስ እስኪጀምር ድረስ። ይህን ሁሉም መምህር በተግባር ሳይለማመድ ሃፍላው አይነሳም። ልጁ የዳነ መስሎ ቢነሳም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ቆጠራውንም ተሳስተናል። ልጆቹን ሃፍላ ላይ ሲወጡ ቆጠርን፣ ሲወርዱ ቆጠርን፣ ከዚያ ለማግስቱ የመልስ ጉዞ አስቀመጥነው። ወረቀታችን ላይ 49 ይላል፤ ልጅቷ ቦይ ውስጥ በነበረችበት ሰዓትም 49 ይላል። አሁን ትልልቆቹ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አራት አራት ትንንሾችን ይይዛሉ፤ በየሰዓቱ ፊሽካ ሲነፋ አራቱን ይዞ ያልመጣ ይታወቃል።

ልጆች ይዞ ውጭ ማደር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጥፋታችንም ከፊል ከዚያ የመጣ ይመስለናል። የከተራ ለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ድንኳን ይተከላል፣ ሕዝቡም በብርድ እየተቃቀፈ ያድራል። እኛ ልጆች ሳለን በአያታችን ጋቢ ውስጥ ገብተን ያደርነውን ሌሊት አንረሳውም። ስለዚህ ማን ያስተምረናል ብለን ነበር። ግን እዚያም ቢሆን የሰው ብዛት ራሱ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ በጥር 11 ቀን 2012 አይተናል። በጎንደር በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ለበዓሉ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ቆሰሉ። በበዓል ቀን፣ ነጭ ለብሰው የመጡ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ለሚቀጥለው ጉዞ ከ90 ሰው በላይ አንመዘግብም የምንለው፤ ዘመድ የማስከተል ልመናም አናስተናግድም። እናዝናለን፣ አስቀድመን ተናግረናል።

ውሃው ላይ ረዘምን፤ ሌሊቱን እናንሳ። የካርቱም ጥር ቀን ሞቃት ቢሆንም ሌሊት ወንዝ ዳር ይበርዳል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ አንድ ቤተሰብ የከሰል ምድጃውን ወደ ድንኳኑ አስገብቶ በሩን ዘግቶ ሲተኛ ደርሰንበት አስወጣን። እናትየዋ ተቆጣችን። ከሰል ሥራዋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሻይ ምድጃ ፊት የምትቀመጥ ሴት ናት፣ «ከሰልን እኔን ታስተምሩኛላችሁ?» አለችን። እውነቷን ነው፣ ግን የእሷ ከሰል ጥላ ሥር፣ ነፋስ ላይ ነው የሚነደው። በተዘጋ ቦታ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጭስም አይደለም። ከሰሉ ቀልቶ፣ ጭሱ አልቆ፣ አመድ ሲለብስም ይወጣል። ራስ ያዞራል፣ ያንቀላፋል፤ የተኛው እንደተኛ ይቀራል። አዲስ አበባም ሆነ እዚህ፣ ቡና አፍልተው ምድጃውን ሳያወጡ የተኙ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ለብርድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ እንይዛለን።

ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚጠይቁን ስለ ጊንጥ ነው። ጊንጥ አለ፤ የሱዳን ቢጫ ጊንጥ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው። ጫማ ከመልበስ በፊት ማራገፍ፣ ማታ ያለ ባትሪ አለመንቀሳቀስ፣ የጡብና የእንጨት ክምር አለመነካካት፤ የነደፈው ካለ አለመብጣት፣ አለመምጠጥ፣ አለማሰር፣ ዝም ብሎ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ። ሕፃናት በአጎበር ይተኛሉ። ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅ ካተኮሰው ወንዝ ዳር ማደሩን ለሐኪሙ መንገር ነው፤ ወባ በማግስቱ አይታይም። ጉዞው ከዓመቱ መጨረሻ ፈተና በኋላ ይሁን ያላችሁን ደግሞ አንቀበልም። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ሃቡብም የሚነሳው ያኔ ነው፤ ድንኳን ከእነ ልጆቹ ይወስዳል።

ለመጻፍ የከበደን የሚቀጥለው ነው። ከጉዞው በፊት ያደልነው ቅጽ የወላጅ ስልክ፣ የልጁን ሕመምና የማይስማማውን መድኃኒት ይጠይቅ ነበር። ከግማሽ በላይ ባዶውን ተመለሰ። ምክንያቱን እናውቀዋለን። ኢቃማው ያለቀበት፣ ጭራሹን የሌለው፣ ስሙ በሁለት ዓይነት የተጻፈ ወላጅ ወረቀት ይፈራል። ያዳኑን አዛውንት ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ሲሉን የእናቷ የመጀመሪያ ቃል «ወረቀት የለኝም» የሚል ነበር። ልጇ ከሞት በተመለሰች በአምስት ደቂቃ ውስጥ። አንፈርድባትም፤ እኛም በመጀመሪያዎቹ የካርቱም ዓመታችን ኬላ ባየን ቁጥር ሆዳችን ይረበሽ ነበር። ነገር ግን የሚፈራ ወላጅ ዘግይቶ ይሄዳል፣ ልጅ ደግሞ ዘግይቶ አይጠብቅም። ስለዚህ ቅጹ ከእኛ ቢሮ አይወጣም፤ ከጉዞው በኋላ ለወላጁ ይመለሳል። ለሐኪም የሚሆን ገንዘብ ከመዋጮው ላይ ተነስቶ ለብቻው በጥሬው ይያዛል። ዜግነታቸውና ወረቀታቸው የተስተካከለ ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው ዓረብኛ አጥርቶ የሚናገር፣ ከታመመ ልጅ ጋር ለመሄድ ከአሁኑ ይመደባሉ። አምጃዱም ነዳጅ ሞልቶ፣ ሾፌሩ ሳይተኛ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያድራል። ባለፈው ጥር አምጃዱ ነበር፤ ነዳጁ ግን ለመልስ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ነበር፣ የነዳጅ ሰልፉን ታውቁታላችሁ።

ልጅቷ ደህና ናት። ዘንድሮ ወደ ሦስተኛ ክፍል አልፋለች፤ ደረጃዋ በሌላ ገጽ ላይ አለ። እናቷ ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብባ ፈቅዳልናለች፤ አንድ ቦታ ላይም አርማናለች፤ ሽንኩርት ሳይሆን ድንች ነበር የምልጠው ብላናለች። እኛ ግን ሽንኩርት ነው የምናስታውሰው።

በመጋቢት ከሁለት መምህራን ጋር ሆነን ወደዚያ እርሻ ሄደን ነበር። አዛውንቱን አገኘናቸው፤ ስኳር፣ ቡናና አንድ ጋቢ ይዘንላቸው ሄድን። ጋቢውን እንዴት እንደሚለበስ ስናሳያቸው ሳቁ። የፓምፑ ቦይ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ አብረን እየዞርን አሳዩን፤ በሸምበቆ ምልክት ተከልንበት። በክረምቱ ሙላት ምልክቱ እንደሚወሰድ፣ ቦዩም ቦታ ሊቀይር እንደሚችል ነገሩን። ስለዚህ በታኅሣሥ ሄደን እንደገና እንለካለን።

የሚቀጥለው ጉዞ ምዝገባ በኅዳር ይከፈታል። የውሃ ጥበቃው ተራ ዝርዝር በቢሮው በር ላይ ተለጥፏል፤ እስካሁን 11 አባቶችና 6 መምህራን ፈርመዋል። የአርብ ጠዋት ሦስት ሰዓቱ፣ የቡናው ሰዓት፣ የእኛ ነው።